የስፖርት መኪኖች በሐረጎ ዳገትና ቁልቁለት፦ የወሎን የተራራ ጉዞ ላሰበ ክለብ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በአዲስ አበባ የስፖርት መኪና ባለቤቶች የተሰባሰብንበት አነስተኛ ክለብ አለን። በየዓመቱ ተራራማ አካባቢ መርጠን፣ አብረን እየነዳን መልክዓ ምድሩን እንጎበኛለን። ዘንድሮ በደብረ ብርሃንና በኮምቦልቻ አድርገን ደሴ ልንገባ፣ ሐይቅን አይተን በወልድያ በኩል ላሊበላ ልንደርስና በአራት ቀን ልንመለስ አስበናል። ሃያ ያህል መኪኖች እንሆናለን፤ ሁለቱ ኤሌክትሪክ፣ የቀሩት ቤንዚን ናቸው። የምንሰጋው ሞተሮቹ ዳገቱ ላይ ጉልበት እንዳያጡ ነው። ስለዚህ የአየር ማስገቢያ ማሻሻያ ለመግዛት፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ ለመውረድ፣ መኪናው መንገድ እንዲይዝ የጎማ ንፋስ ለመቀነስ፣ እንዲሁም ሃያዎቹም መኪኖች ሳይነጣጠሉ ተከታትለው እንዲጓዙ ተስማምተናል። የቀረን ነገር አለ?»

ከተስማማችሁባቸው አራት ነገሮች የመጀመሪያው ገንዘብ ያባክናል፤ የቀሩት ሦስቱ በዚህ መንገድ ላይ ሕይወት ሊያስከፍሉ ይችላሉ። ስለዚህ የቀረውን ከመጨመሬ በፊት የተወሰነውን ማፍረስ ይኖርብኛል። የስጋታችሁ ቅደም ተከተልም የተገለበጠ ነው። ሞተር ዳገት ላይ ቢደክም መኪናው ይዘገያል እንጂ ሌላ የሚመጣ ነገር የለም፤ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ቢደክም ግን መኪናውን የሚያቆመው አይኖርም። ኮምቦልቻ ላይ ሆኖ ተሽከርካሪ የሚጠግን ባለሙያ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ካለው ከሐረጎ ዳገት ወርዶ የሚመጣለትን መኪና ሲፈትሽ በመጀመሪያ የሚያየው የፍሬኑን ዲስክና ሸራ ነው፤ የሞተሩን ክዳን የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።

መንገዱን በከፍታ ቁጥር እንየው። አዲስ አበባ በአማካይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስትሆን፣ ጣሊያኖች የፈለፈሉት የጣርማበር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ መንገዱ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርድና ሸዋ ሮቢት ላይ ወደ 1,300 ሜትር ይደርሳል። በአጣዬና በከሚሴ ሜዳ አልፎ ኮምቦልቻ ሲገባ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ወደ 2,500 ሜትር ይሆናል። በአውሮፓ የስፖርት መኪና ክለቦች በየበጋው የሚጎርፉበት የኦስትሪያው የግሮስግሎክነር መንገድ በከፍተኛው ማለፊያው 2,504 ሜትር፣ የጣሊያኑ የስቴልቪዮ መተላለፊያ ደግሞ 2,757 ሜትር ነው። እነሱ ለጥቂት ደቂቃ ወጥተው ፎቶ የሚነሱበት ከፍታ ለደሴ ሰው የዕለት ተዕለት መኖሪያው ነው፤ ጣርማበር ደግሞ ሁለቱንም ይበልጣል። በውጭ አገር ክለቦች የተጻፈ የጉዞ ምክር አንብባችሁ ከሆነ፣ እዚህ ያለው የከፍታ ልዩነት ከዚያ የሚብስ እንጂ የማያንስ መሆኑን ልብ በሉ።

አሁን ወደ ሞተር ጉልበት ልምጣ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በሚጨምር በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከጉልበቱ 10 በመቶ የሚሆነውን ያጣል፤ ምክንያቱም አየሩ ስለሚሳሳ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። በመጽሐፉ 300 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ መኪና አዲስ አበባ ላይ ገና ከቤት ሳይወጣ ወደ 230 ወርዷል፤ ጣርማበር ላይ ከ210 ብዙ አይርቅም። ስለዚህ የምትፈሩትን ኪሳራ አብዛኛውን መኪናውን ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ ስትከፍሉት ቆይታችኋል፤ ጉዞው የሚጨምርባችሁ ጥቂት ነው። የአየር ማስገቢያ ማሻሻያ ተብሎ የሚሸጠው ዕቃም በአካባቢው የሌለውን አየር ሊፈጥር አይችልም። ዘመናዊ ሞተር የሚገባውን አየር በመለኪያው እየለካ ነዳጁን ራሱ ስለሚመጥን ማንም እንዲያስተካክልለት አይፈልግም። ካርቡሬተር ያላቸው የቆዩ መኪኖች በመካከላችሁ ካሉ ግን ከፍታ ላይ ነዳጅ ስለሚበዛባቸው ጥቁር ጭስ ያወጣሉ፣ ይንተፋተፋሉ፤ እነዚህን ከመነሳታችሁ በፊት የሚያውቅ መካኒክ ያስተካክልላችሁ። ቱርቦ ያላቸው ሞተሮች ጉልበታቸውን በተሻለ ይጠብቃሉ፤ ሆኖም ቱርቦው ያንን ለማድረግ ይበልጥ ስለሚሽከረከርና ስለሚሞቅ፣ ዳገት ጨርሳችሁ እንደ ቆማችሁ ሞተሩን ቶሎ አታጥፉ፤ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሳትነዱት ይሥራ።

ስለ ጉልበት የምሰጠው ማስጠንቀቂያ ከጠበቃችሁት በተቃራኒው በኩል ያለ ነው። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ያው ባለ 300 መኪና ወደ 260 ከፍ ይላል። አዲስ አበባ ብቻ የነዳው ሰው መኪናው እንደዚህ ሲፈጥንለት አይቶ አያውቅም፤ መንገዱም ከብዙ ኩርባ በኋላ ቀጥ ይልለታል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ባለው ሜዳ ግን ግመልና ፍየል የሚነዱ ልጆች፣ ባጃጆችና ከእርሻ የሚመለሱ ሰዎች አስፋልቱን ይጋራሉ። ከጣርማበር ቁልቁለት በደህና የወረደ ሹፌር ትዕግሥቱ አልቆ ነዳጅ የሚረግጠው እዚህ ነውና የቡድን መሪዎቻችሁ ፍጥነት መግታት ያለባቸው ከሁሉ በላይ በዚህ ሜዳ ላይ ነው።

ሞተሩን በተመለከተ በእውነት የሚያሳስበው ማቀዝቀዣው ነው። ደሴ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይሞላ ይፈላል፤ ብዙ ሞተሮች ደግሞ በመደበኛ ሥራቸው ከ90 ዲግሪ በላይ ይሞቃሉ። ውኃው ራዲያተር ውስጥ እንዳይፈላ የሚከለክለው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ምንጩ የላላ የራዲያተር ክዳን አዲስ አበባ ላይ ችግሩን ሳያሳይ ከርሞ ሐረጎ መካከል ላይ ሊያስፈላ ይችላል። ክዳኑን ቀይሩ፤ ራዲያተሩንም በተራ ውኃ ሳይሆን በተመጠነ ኩላንት ሙሉት። የፈላ ራዲያተር በምንም ምክንያት በሙቀቱ አይከፈት፤ መንገድ ዳር ፊታቸው የተቃጠለ ሰዎች የደረሰባቸው በዚህ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሰናል። ክብደቱ 1,500 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ወደ 9 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ኃይል ማስወገድ አለበት። ይህ 25 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ እስኪፈላ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ከዚህ ውስጥ የጎማው መንከባለልና የአየሩ መቋቋም የተወሰነውን ይወስዳሉ፤ የተረፈውን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ መሸከም አለበት። ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው የከፍታ ልዩነት ደግሞ የዚህን ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ማርሹን ዜሮ ስታደርጉ ሞተሩን ከሥራው ታሰናብቱትና ሸክሙን በሙሉ አራት ጥንድ የፍሬን ሸራ ላይ ትጭናላችሁ። ሸራው ከልክ በላይ ሲሞቅ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲደርስ ዘይቱ ይፈላል፣ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ግፊቱ እንፋሎቱን ከማመቅ በቀር ጎማው ጋ አይደርስም። «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ዕቃ ውጤት አይደለም፤ ከተራራው አናት ጀምሮ ሲጠራቀም የቆየ ሙቀት ነው።

ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ምክንያትም አይሠራም። ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚቀበሉ ሞተሮች መኪናው ማርሽ ውስጥ እያለ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ነዳጅ መርጨታቸውን ሙሉ በሙሉ ያቆማሉ፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ማርሹ ዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ራሱን ለማዞር ነዳጅ ማቃጠል ይጀምራል። ስለዚህ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን እያቃጠለ ነዳጁንም ያባክናል። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ የባሰ ነው፤ መሪው ይከብዳል፣ ቁልፉ ከተነቀለም ሊቆለፍ ይችላል፣ የእግርን ግፊት የሚያግዘው የፍሬኑ ሰርቮም ከጥቂት ጊዜ መርገጥ በኋላ መርዳቱን ያቆማል። ሰርቮው የሚሠራው በውጭው አየር ግፊትና ሞተሩ በሚፈጥረው ባዶነት መካከል ባለው ልዩነት ነው። ጣርማበር ላይ የውጭው አየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ሳለ እንኳ ይህ ዓይነት ሰርቮ ያለው ፍሬን ከለመዳችሁት ይልቅ ጠንከር ያለ እግር ይጠይቃችኋል። ይህን ዳገቱ ላይ ሳላችሁ ሞክራችሁ እወቁት።

ታዲያ እንዴት ይወረድ? የቆየው የሹፌሮች ደንብ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚል ነው። ለጭነት መኪና ትክክል ነው፤ ለስፖርት መኪና ግን አይበቃም። ጉልበታም መኪና ሐረጎን በአራተኛ ማርሽ ሊወጣው ይችላል፤ በአራተኛ ከወረደ ግን ሞተሩ አይዘውም። ለእናንተ የሚሆነው መለኪያ እግር ከሁለቱም ፔዳል ላይ ተነስቶ መኪናው ፍጥነት የማይጨምርበት ማርሽ ነው፤ በጠባቦቹ ኩርባዎች ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ነው። ማርሹን የምትቀንሱት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት እንጂ መኪናው ከፈጠነ በኋላ አይደለም። አውቶማቲክ መኪና ያላችሁ መምረጫውን ወደ እጅ መቀየሪያው ወይም ወደ ዝቅተኛው ማርሽ አምጡና ያዙት፤ በተለመደው ቦታ ከተዋችሁት ብዙዎቹ ካምቢዮዎች ነዳጅ ሳይሰጣቸው ሲቀር ወደ ከፍተኛ ማርሽ ይሸሻሉ። ፍሬን ስትይዙ ከኩርባው በፊት ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና ሙሉ በሙሉ ልቀቁ፤ ቀለል አድርጎ ረግጦ ያለማቋረጥ መውረድ ሸራው የሚተነፍስበት ጊዜ አይሰጠውም። የሚቃጠል ሽታ ከሸተታችሁ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው ጠልቆ ከገባ ደልዳላ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፤ «ትንሽ ነው የቀረው» ብላችሁ አትቀጥሉ። ፔዳሉ ጨርሶ ከለሰለሰ ደጋግማችሁ ርገጡት፣ ማርሹን አንድ በአንድ ቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ሳቡ፤ መሪውንም ምንጊዜም ወደ ተራራው ግድግዳ እንጂ ወደ ገደሉ በኩል አታድርጉ።

ከቁልቁለት እንደ ወረዳችሁ በጋለ ፍሬን ላይ ውኃ መድፋት የብዙ ሰው ልማድ ነው። የጋለ ዲስክ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። በደልዳላው መንገድ ላይ ለጥቂት ደቂቃ በዝግታ ነድታችሁ ንፋስ ያብርደው፤ ስትቆሙም የእጅ ፍሬኑን ከመሳብ ይልቅ መኪናውን በማርሽ ይዛችሁ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ።

ከሁሉም ዝግጅት አስቀድሞ የሚመጣው የፍሬን ዘይት ነው። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት እየሳበ 3.7 በመቶ ውኃ ሲይዝ ግን ይህ መጠን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ከሁለት ዓመት በላይ ያልተቀየረ የፍሬን ዘይት ይዛችሁ አትነሱ። መቀየሩ የአየር ማስገቢያ ማሻሻያው ከሚያስወጣችሁ ያነሰ ያስወጣችኋል፤ ጥቅሙ ግን አይወዳደርም። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ዘይት ከሌሎቹ ጋር ስለማይቀላቀል፣ ቁጥሩ ከፍ ስላለ የተሻለ ይመስላችሁና እንዳትገዙት፤ በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈውን ተከተሉ።

ሁለቱ የኤሌክትሪክ መኪኖች በሌላ መንገድ መታየት አለባቸው። ከፍታ ጉልበታቸውን አይቀንስም፤ ቁልቁለት ላይም ሞተራቸው መኪናውን እየያዘ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ይህ የሚሆነው ግን ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ ሲኖረው ነው። ደሴ አድሮ ባትሪውን እስከ 100 በመቶ የሞላ መኪና ጠዋት ሐረጎን ሲጀምር ባትሪው የሚመለሰውን ኃይል አይቀበልም፤ ሸክሙም ወደ ተራው ፍሬን ይዞራል። የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ በባትሪያቸው ምክንያት ከባዶች ናቸው። ስለዚህ ከቁልቁለት በፊት 85 በመቶ ላይ ማቆም ይበቃል። ቻርጀር እንደ አዲስ አበባ በየቦታው ስለማይገኝ ባለቤቶቹ የሚያድሩበት ሆቴል ከመኪናው ጋር የሚስማማ መስመር እንዳለው አስቀድመው በስልክ ያረጋግጡ፤ ካልተገኘ እነዚህ ሁለት መኪኖች ባይመጡ ይሻላል።

የጎማ ንፋስ መቀነስ በአሸዋ ላይ የሚጠቅም ዘዴ ነው፤ በአስፋልት ተራራ ላይ ቦታ የለውም። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው በ1.5 ፒ ኤስ አይ ያህል ዝቅ ሊል ይገባዋል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ መልሶ ከፍ ያደርገዋል፤ በመጨረሻ ብዙ ለውጥ አታዩም። ስለዚህ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ በፋብሪካው ልክ ሙሉና ተዉት። የስፖርት መኪና ጎማ ጎኑ አጭር ስለሆነ ንፋሱ ሲያንስ ጉድጓድ ላይ ቸርኬው መሬት ይነካል፤ ጎማው ይቀደዳል፣ ቸርኬው ይጣመማል። በመንገድ ላይ ያሉ ጎሚስቶች ለጭነት መኪናና ለሚኒባስ ጎማ ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው፤ የእናንተን መጠን ግን ይዘው አይጠብቋችሁም። ብዙ የስፖርት መኪኖች ስኮርታ ጎማ ይዘው ስለማይመጡ ተመሳሳይ ልክ ያላቸው አባላት ተነጋግረው አንድ ሙሉ ጎማ ከነቸርኬው በአጃቢ ፒክአፕ ያስጭኑ።

ሃያ መኪና ተከታትሎ መሄድ ለፎቶ ያምር ይሆናል። ተራራ ላይ ግን በመካከላቸው ተገቢው ርቀት ተጠብቆ ሃያ መኪና ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከኋላ የሚመጣ የሕዝብ አውቶቡስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቅደም ስለማይችል በመካከላችሁ ሊገባ ይገደዳል፤ ይህ የሚሆነውም ከፊት በማይታይበት ኩርባ ላይ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ እንዳይነጠል የፈራ ሹፌር ከፊቱ ያለው ሰው ስለቀደመ ብቻ ራሱ ሳያይ መቅደሙ ነው። ልምድ ያላቸው ክለቦች ጉዟቸውን በትናንሽ ቡድን ይከፍላሉ፤ እናንተም አምስት አምስት ሆናችሁ አራት ቡድን ሥሩ፣ በአሥር አሥር ደቂቃ ልዩነት ተነሱ፣ እያንዳንዱ ቡድን መንገዱን የሚያውቅ መሪና ታጋሽ ኋላ ጠባቂ ይኑረው። መገናኛችሁ ከተማ ይሁን፤ ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት፣ ኮምቦልቻ። የስልክ መረብ በየሸለቆው ስለሚጠፋ «እየተደዋወልን እንገናኛለን» የሚል ዕቅድ አይያዝ።

ሐረጎ ላይ መንገዱ የእናንተ ብቻ አይደለም። ኮምቦልቻ የፋብሪካና የደረቅ ወደብ ከተማ ናት፤ ተሳቢ ያላቸው ከባድ መኪኖች ቀንና ሌሊት ይወጡበታል፣ ይወርዱበታል። ተሳቢ በጠባብ ኩርባ ላይ ለመዞር የእናንተን መስመር መውሰዱ ግድ ነው። ከታች ወይም ከላይ ሲመጣ ስታዩት ከኩርባው በፊት ቆማችሁ አሳልፉት፤ ኩርባው ውስጥ ገብቶ መብት መጠየቅ ትርፍ የለውም። ዝግ ብሎ የሚወርድ ከባድ መኪና ስታገኙም ጥሩምባ አትንፉበት፤ ያ ሹፌር ፍሬኑን እያዳነ ነው። በየመንደሩ ልጆች ወደ መንገድ ይወጣሉና ብስኩት፣ ብዕር ወይም ባዶ ሃይላንድ በመስኮት አትወርውሩ። ልጆቹ ያንን ለማንሳት ሲሮጡ የሚመጣባቸው ቀጣዩ መኪናችሁ ነው። ይህን ለአባላት በሙሉ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አድርሱና አስፈርሙ። ለልጆች መስጠት የምትፈልጉት ነገር ካለ ለትምህርት ቤቱ ስጡ።

ሰዓት የተያዘበት ውድድር በማንኛውም መልክ እንዳይኖር። ከኮምቦልቻ ደሴ በስንት ደቂቃ እንደ ወጣችሁ መቅረጽና ማነጻጸር ለጨዋታ ቢመስልም፣ አደጋ ቢደርስ ቪዲዮው ማስረጃ ይሆናል፤ ብዙ የመድን ውሎችም ውድድር ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም። ከመነሳታችሁ በፊት ውላችሁን አንብቡ፤ ቦሎና ሊብሬም በእያንዳንዱ መኪና ይኑር።

ጊዜውን በተመለከተ ጥቅምት አጋማሽና ኅዳር የተሻሉ ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ድንጋይና ጭቃ ወደ አስፋልቱ ያወርዳል። ወሎ የበልግ ዝናብም ስላላት የካቲት ካለፈ በኋላ ሰማዩ አስተማማኝ አይሆንም። መስከረም በአደይ አበባው ያጓጓል፤ ሆኖም መስከረም 21 የግሸን ማርያም በዓል ስለሆነ በዚያ ሰሞን የደሴ አካባቢ መንገዶች በምዕመናን መኪኖች ይሞላሉ፤ ለጉብኝት የወጣ ክለብ በዚያ ላይ መጨመር የለበትም። ለላሊበላ መንገድ የገና ሰሞንም እንዲሁ ነው። ጣርማበር ላይ ጉም በማንኛውም ወር ሊወርድ ይችላል፤ ከዋሻው ስትወጡ ፊታችሁ ነጭ ከሆነ ዝቅተኛውን መብራት አብርታችሁ በዝግታ ሂዱ፣ ረጅሙ መብራት ጉሙን ራሱን ያበራባችኋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስታችሁ ከምሽቱ በፊት 11 ሰዓት ላይ ማደሪያችሁ ግቡ፤ በጨለማ መንዳት አይታሰብ።

የጸጥታው ነገርም በግልጽ መነገር አለበት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት መንገድ በድንገት የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ለየከተማው አስተዳደርና ፖሊስ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ በዕለቱ ጠዋት ደግሞ መናኸሪያ ሄዳችሁ የአውቶቡስ ሹፌሮችን ጠይቁ። እነሱ ካልተነሱ እናንተም አትነሱ፤ ጉዞው ለሌላ ዓመት ቢተላለፍ ምንም አይጎድልም።

ስለ መስመሩ የምሰጠው ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ ላሊበላን ከዚህ ጉዞ አውጡ፣ ደሴን ማዕከል አድርጉ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደሴ ወልድያ 120 ገደማ፤ ከወልድያ በድልብ ዳገት 3,000 ሜትር ወደሚጠጋው የጋሸና አምባ ወጥቶ ላሊበላ ለመድረስ ሌላ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ይህን በአራት ቀን ሄዶ መመለስ ማለት ከመሪው ሳይነሱ መዋል ነው፤ የደከመ ሹፌር ደግሞ የድልብን ቁልቁለት በመጨረሻው ቀን ይወርደዋል። ከመሬት ከ12 ወይም ከ13 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ የማይል መኪና በየከተማው መግቢያ ባለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሆዱ ሲፋቅ ይውላል፤ የሞተር ዘይት መያዣው ቢቀደድ ከወልድያ በላይ ባለው አምባ ላይ የምታገኙት ርዳታ ሩቅ ነው። ላሊበላን ማየት የሚገባችሁ ቦታ ነው፤ አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት በችኮላ ማየት ግን ነውር ነው። በአውሮፕላን ሂዱና ሁለት ቀን ስጡት።

የደሴው ጉዞ ደግሞ ለአራት ቀን ከበቂ በላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ኮምቦልቻ እደሩ፤ ሐረጎን ደክማችሁ በምሽት አትውጡት። በማግስቱ ጠዋት መኪናውም ሹፌሩም አርፎ፣ ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣ ውጡት፤ የቦርከና ሸለቆ ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቶ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ለመመልከት ስትፈልጉ መኪናውን ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ የሚያወጣ ሰፊ ቦታ እስክታገኙ ጠብቁ፤ ኩርባ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ለሌላው ወጥመድ ነው። ከሰዓት በኋላ በጦሳ ተራራ ሥር ደሴን በእግራችሁ ዙሩ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሐይቅ ውረዱ፤ 30 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአገራችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ ያለውን ቦታ የሚያስረዱ አባቶች አሉት። ጊዜ ከተረፋችሁ እስከ ውጫሌ ቀጥሉ፤ የአምባሰል ገደሎች በዚያ በኩል ናቸው። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን የሁለቱ ስም፣ አምባሰልና ባቲ፣ የዚህ ምድር የቦታ ስም ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ማንም ሳይነግረው ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ። ባቲ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች በመመለሻችሁ ልትጨምሯት ትችላላችሁ፤ ሰኞ ገበያዋ ስለሚቆም በዚያ ቀን ዝቅተኛ መኪና ይዛችሁ አትግቡ፣ ኮምቦልቻ አቁማችሁ በሚኒባስ ሂዱ።

ከመነሻው ሳምንት በፊት እያንዳንዱ መኪና አንድ ጋራዥ ላይ ተነስቶ ይፈተሽ፦ የፍሬን ዘይቱ አዲስ መሆኑ፣ የሸራው ውፍረት ከአዲሱ ቢያንስ ግማሽ መሆኑ፣ የእጅ ፍሬኑ ዳገት ላይ መያዙ፣ የራዲያተሩ ክዳን፣ የጎማው ዕድሜና ጎን። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ ሰርቮው እስኪያልቅ ጥቂት ጊዜ ይረገጥ፤ ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚሰምጥ ፔዳል ያለው መኪና አይሂድ። ባለቤቱ ቢቆጣም መኪናው አዲስ አበባ ይቅርና እሱ በሌላ አባል መኪና ተሳፍሮ ይምጣ።